ከፎጣው ስር የሰጠኋቸው ሁለት ጣቶች

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ የሰው ሚስት መመኘቴን፣ ከጎረቤቴ ጋር ተኳርፌ ዓመት መክረሜን፣ ሁሉንም ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ "ዋሽቻለሁ አባቴ" ብዬ ጠጋ አልኩበት፤ "ሰው ሆኖ የማይዋሽ የለም" ብለው ስግደት ሰጥተው ሸኙኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ እንጂ የቀለለኝ ነገር የለም። ማንን እንደዋሸሁ፣ እንዴት እንደዋሸሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደመጣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም። ወንድሜ አያውቅም። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልነግራችሁ ነው። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ። ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም ከወዲሁ ያዙልኝ።

የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጅግጅጋ ተመደብኩ። ምደባውን ስሰማ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ ኋላ ግን ከተማዋን ወደድኳት። ነፋሱን ለመድኩት፣ አቧራውን ለመድኩት፣ ሩዝ በሙዝ መብላቱንም ለመድኩት። ትምህርት ቤቱ ግን ጦርነቱን ገና አልረሳውም ነበር። ግማሹ መስኮት መስታወት የለውም። የቴክኒክ ስዕል ክፍል የሚባል ነበር፤ ጠረጴዛዎቹና ትልልቆቹ ማስመሪያዎች በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ሆነው አልቀዋል፤ የስዕል መምህሩም እንደሄደ አልተመለሰም። እኛ የተሰባበረ ወንበር እንከምርበት ነበር። የዚህችን ክፍል ነገር አትርሱብኝ።

እናታችን ስታርፍ ታናሽ ወንድሜ ግርማ አንዲት የእንጨት ሳጥን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። "ግርማን አደራ" ብላ ነው የሞተችው። አደራ ከባድ ነው፤ ያውም የእናት፤ ያውም በዚያ ዘመን። ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ትምህርት ያልቀጠለ ልጅ ቀበሌ ይጠራዋል፤ ከተጠራ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከሰፈራችን የሄዱትን ልጆች እናቶች መንገድ ላይ አገኛቸው ነበር። ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው "ደህና ነው ይላሉ" ይሉኛል። የሚለው ማን እንደሆነ አይናገሩም፤ እኔም ደግሜ አልጠይቅም።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼ አንደኛዋ ሆዳን ነበረች፤ የከብት ደላላው የሀጂ ዲሪዬ ልጅ። በሳይንስ ክፍሉ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ናት። ስታስብ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጇን አውጥታ፣ "ማሊም፣ ቀናሿ ምልክት ጠፍታለች" ትለኛለች። ማሊም በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ስቄ ቀናሿን ፈልጌ አስገባታለሁ። ግርማ ሁለተኛ ነበር፤ ግን ሁለተኛነቱ በጣም የራቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ከክፍሉ ልጆች ጋር ተሰብስበው ሲያጠኑ፣ ግርማ ያልገባውን እኔን ሳይሆን እሷን ነበር የሚጠይቀው። "ጋሼ ሲያስረዳኝ ይቆጣል" ይላታል። እውነቱን ነው፤ እቆጣ ነበር።

ኮምፒዩተርን ወደዚያች ከተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መሣሪያውን አይደለም፤ ወሬውን። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ኮምፒዩተር አሳይተውን ነበር። ጫማችሁን አውልቁ አሉን፤ ካልሲዬ ተቀዶ ስለነበር አፈርኩ። ክፍሉ ይበርዳል፤ መሣሪያው ቁም ሳጥን ያህላል። እንግዲህ ያየሁት ይኸው ነው። ጅግጅጋ ተመልሼ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለ ኮምፒዩተር አወራሁ። ልጆቹ "ማሊም ኮምፒዩተር" አሉኝ፤ ስሙ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ገበያ ገባ። ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያምነኝ ለዚህ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

በዚያው ዓመት ማትሪክ ከተፈተኑ በኋላ ለትምህርት ቤታችን የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መጣ። ለሁለት ልጆች፣ ወዳጅ ከምትባል ሶሻሊስት አገር። አንዱ ቦታ ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው፤ ሌላው ኮምፒዩተር ምህንድስና። አንደኛ የወጣ ይመርጣል፤ የተረፈው ለሁለተኛው ይሰጣል። ሆዳን መራጭ ሆነች፤ ግርማ የተረፈውን ተቀባይ። ልዩነታቸውን ክፍል ውስጥ እኔው አስረዳሁ። ሳይንሱ መሣሪያውን ማዘዝ ነው፣ ምን እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ መንገር፣ መሠረቱም ሒሳብ ነው አልኳቸው። ምህንድስናው ግን መሣሪያውን ራሱን መሥራት ነው፤ ሽቦው፣ ብረቱ፣ ንድፉ። ሆዳን የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቆየችና "እኔ ማዘዙ ይሻለኛል" አለች። ቤት ውስጥ ታዛዥ ናትና ልጆቹ ሳቁባት።

ለእሷ የዚህ ዕድል ነገር ቀልድ አልነበረም። ከድንበሩ ማዶ ሀርጌሳ ያለ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሀጂ ዲሪዬ እንቢም እሺም ሳይሉ አቆይተዋቸዋል። አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ በውጤቷ ደርሷት ነበር፤ እሳቸው ግን "ዘመድ በሌለበት ከተማ ሴት ልጅ አልጥልም" ብለው ጨርሰዋል። የውጭውን የፈቀዱት ታላቅ ወንድሟ እዚያው አገር የእንስሳት ሕክምና ስለሚማር ነው። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት ቃልም ይኸው ነበር፦ ልጄ ለዚያ ትምህርት ካለፈች ትሄዳለች፤ ካላለፈች የእናንተ ናት። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ማወቄን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር፤ ይኸኛውን ግን በከተማዋ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለስብሰባ ሐረር ሄጄ አንድ አብሮ አደጌን አገኘሁ፤ በልጆቹ ምርጫ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ሻይ እየጠጣን፣ የተመረጡት ልጆች አዲስ አበባ ላይ እንደገና እንደሚፈተኑ ነገረኝ። ለሳይንሱ ሒሳብ ብቻ። ለምህንድስናው ሒሳብና የቴክኒክ ስዕል። ስዕሉን የወደቀ ሌላ ቦታ አይሰጠውም፤ ወደ ቤቱ ነው። "ስዕል መምህር ከሌላችሁ ለምህንድስናው የምትልኩትን ልጅ አስቡበት" አለኝ። ለልጆቼ ብሎ ነው የነገረኝ፤ ደግ ሰው ነበር።

የካራማራን ተራራ ወርጄ ጅግጅጋ እስክደርስ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ሁለቱም ልጆች በሕይወታቸው የስዕል ማስመሪያ ነክተው አያውቁም። ምህንድስናውን የያዘ ይወድቃል። ሆዳን ሳይንሱን ትመርጣለች፣ ታልፋለች። ግርማ ምህንድስናው ይደርሰዋል፣ ይወድቃል። የማትሪክ ውጤቱ ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በትንሹ አልበቃም። ከወደቀ ቀበሌ ይጠራዋል። ከተጠራ "ደህና ነው ይላሉ" የምለው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ፈተናው ሳምንታት ይቀሩት ነበር፤ ሐረር ላይ ስዕል የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ፤ አንድ ማስመሪያና አንድ ኮምፓስ ተውሼ መምጣት፣ ልጆቹን ማለማመድ እችል ነበር። ሁለቱም ያልፉ ነበር ይሆናል። ይህን ግን አላሰብኩትም። ይህ ሐሳብ ወደ ጭንቅላቴ የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለምንም በማይረባበት ጊዜ ነው። ከዋሸሁት ይልቅ አንዳንዴ ይህ ያቃጥለኛል፤ የሒሳብ መምህር ሆኜ ሁለት ልጆችን ለሁለት ቦታ ማድረስ እንዴት አቃተኝ?

በማግስቱ ሀጂ ዲሪዬ ከብት ገበያ አስጠሩኝ። ስለ እሳቸው ልንገራችሁ። ረዥም ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና ይቀቡታል፤ ከትከሻቸው አንዲት መስመር ያላት ፎጣ አትወርድም። በዚያ ገበያ የግመል ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ፎጣ ይለበስበታል፣ ዋጋው በጣት ይነገራል። ዙሪያውን የቆመ ሰው ፊታቸውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ፊት ደግሞ ምንም አያወጣም። እኔ ስንት ጊዜ ቆሜ ስመለከት ውዬ አንድም ዋጋ አውቄ አላውቅም።

ሀጂ አማርኛቸው "እርስዎ" የሚባል አያውቅም፤ ለሹምም ለሕፃንም አንተ ነው የሚሉት። "ማሊም፣ ስማኝ" አሉኝ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግመል ግን አውቃለሁ። ልጄ ነገረችኝ። አንዱ ግመል መንዳት ነው፤ አንዱ ግመል ማርባት ነው። ልክ ነው?"

"በደንብ ገብቶዎታል" አልኳቸው።

"ልጄ መንዳቱን ትላለች። እኔ ማርባቱን እላለሁ፤ የሚያረባ ሰው አይራብም። ግን እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። አንተ ታውቃለህ። ታሎ ስጠኝ።" ታሎ ምክር ነው። በእነሱ ዘንድ ታሎ የጠየቀ ሰው የተነገረውን ያደርጋል፤ የሰጠም ሰው እንደማለ ነው የሚቆጠረው። አፌን ልከፍት ስል ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። "በአፍ አይደለም። የልጁ አጎት እዚያ ቆሟል፣ ከሀርጌሳ መጥቷል፤ አይስማ። አንድ ጣት ከሰጠኸኝ ሳይንሱ ነው። ሁለት ጣት ከሰጠኸኝ መሐንዲሱ ነው።" እጄን ይዘው ፎጣውን አለበሱት። ከዚያ ፈገግ ብለው ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። "እዚህ ገበያ በአፍ የሚዋሽ ብዙ ነው። ከፎጣ ስር የሚዋሽ የለም። የዋሸ እጅ ሁለተኛ አይጨበጥም።"

ሁለት ጣት ሰጠኋቸው።

ፊታቸው ምንም አላለም። የገበያው ልማድ ነው፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው፣ ቃል የሚሆነው ሁለተኛው ነው። እጄን ጨበጥ አድርገው እንደገና ጠየቁኝ። አጠገባችን አንድ ሰው ፍየል በእግሯ ይጎትታል፤ ትጮኻለች። ያንን አስታውሳለሁ። ጣቴን ማጠፍ እችል ነበር። አንዷን ብቻ ማጠፍ። በሐሳቤ ወንድሜን አየሁት፣ ሆዳንን አላየኋትም፤ ወይም አይቻት ፊቴን አዞርኩ። ደግሜ ሁለት ጣት ሰጠኋቸው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ ያመነኝን ሰው እጁን ይዤ ዋሸሁት።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" ይላል ሰው። እኔም ለራሴ ስለው ነበር። የእናቴን አደራ ነው የጠበቅኩት እል ነበር። ደግሞም በአፌ አንዲት ቃል አልወጣኝም፤ "ምህንድስናውን አስመርጧት" አላልኩም፤ እንዲያውም ሆዳን ራሷ "ማሊም፣ እውነት ምህንድስናው ይሻላል ብለዋል?" ብላ ስትጠይቀኝ "አባትሽ ያሉሽን አድርጊ" ነው ያልኳት። አያችሁ ብልጠቴን? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለአፍ ነው ብዬ፣ ጣት ምን አለበት ብዬ ነበር። እሷ ሻሿን ነክሳ አንገቷን ነቀነቀችና ሄዳ ምህንድስናውን ሞላች። ሳይንሱ ለግርማ ተረፈ።

ለፈተናው ሁለቱም በአንድ መኪና አዲስ አበባ ሄዱ፤ የሀጂ የእህት ልጅ አብሯቸው። ሲመለሱ ግርማ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ አቀፈኝ። አልፏል። ሆዳን ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ መጀመሪያ የመጣችው እኛ በር ላይ ነው። ግቢ ልላት ስል እዚያው ቆማ ነገረችኝ።

"የሒሳቡን ጨረስኩት ማሊም። ከዚያ አንድ ብረት ሰጡኝ። ከላይ፣ ከፊት፣ ከጎን አድርገሽ ሳዪው አሉኝ። የማላውቀው ማስመሪያ ነበር፤ እሱን ተውኩትና በእጄ እንዳየሁት ሳልኩት። ጥላውን ሁሉ ሳልኩት። ሰውዬው አየና 'ያምራል፣ ግን ይህ አይደለም የተጠየቅሽው' አለኝ።"

አይዞሽ አልኳት። ምን ሌላ እላለሁ? ያን ጊዜም እኮ አልመሸም ነበር። ያ አብሮ አደጌ አለ፤ ሐረር ሄጄ "ልጅቷ በሒሳብ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ሳይንሱን ነበር የምትፈልገው፣ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ" ብዬ ብነግረው ምናልባት አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ግን እንዲህ ካልኩ የሚወሰደው የማን ቦታ ነው? የግርማ። ስለዚህ አልሄድኩም። በዚያው ሳምንት ግርማ ሳጥኑን እየሸከፈ "ጋሼ፣ እኔ አልፌ ሆዳን መውደቋ ልክ አይደለም። የማውቀውን ግማሹን ያሳየችኝ እሷ ናት። ለምን አትጠይቅላትም?" አለኝ። ተቆጣሁት። "ዝም ብለህ ዕቃህን አስገባ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሸሚዞቹን ሳጥኑ ውስጥ መደርደር ቀጠለ።

ሀጂ ዲሪዬ ቃላቸውን ጠበቁ። ሆዳን ለሀርጌሳው ነጋዴ ልጅ ተዳረች። በሠርጉ ላይ ከትልልቆቹ ጎን አስቀምጠው ሥጋ በሩዝ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። አንድ ነገር ግን አላሰብኩትም ነበር። ያን ዓርብ፣ ከእሳቸው ቤት አንድ ጣሳ የግመል ወተት ተላከልኝ። በሚቀጥለውም ዓርብ። ምንድን ነው ብዬ ሀጂን ስጠይቃቸው መጠየቄ ገረማቸው። "ታሎ ሰጥተኸኛል" አሉኝ። "ያንተ ታሎ ነው። የሆነው ደግሞ ነሲብ ነው፣ ከአላህ ነው። በነሲብ ሰው አይወቀስም።" ወተቱ ለዓመታት አልቋረጠም። ልመልሰው ምን ብዬ? ልድፋው እንዴት? ጠጣሁት። ጭሱ የሚሸት፣ ትንሽ ጎምዘዝ የሚል ወተት ነው፤ ይጣፍጠኝም ነበር። ለዚህ ምን ትሉኛላችሁ፤ ይጣፍጠኝ ነበር።

ግርማ ሄደ፤ ከዚያም ሌሎቹ ልጆች ለውትድርና ሲሄዱ አየሁ። በር ላይ ሆኜ እናቶቻቸውን ስሰማ "እንኳን ላክሁት" አልኩ። አዎ፣ ብዬዋለሁ። ደግሞ ደጋግሜ ብዬዋለሁ። ብትጠይቁኝ ዛሬም ግርማ በሕይወት መኖሩን የማልደሰትበት ቀን የለም። ይህ ነው መያዣ ያሳጣኝ። ባደረግኩት ልጸጸት ብዬ ስነሳ የወንድሜ ፊት ይመጣብኛል፤ በወንድሜ ልደሰት ስል የሷ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሀርጌሳ ተደበደበች። የራሷ አገር አውሮፕላኖች ከራሷ ሜዳ እየተነሱ ነው የደበደቧት ይባል ነበር። ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ ጎረፈ። ሜዳው በእንጨትና በጨርቅ ጎጆ ተሸፈነ፤ የውኃ ቦቴ ሲያልፍ አቧራው ሳይወርድ ሌላው ይመጣል። አንድ ጠዋት ሀጂ ዲሪዬ በሬን አንኳኩ። ጢማቸውን ሂና መቀባት ትተው ነጭ ሆኗል። "ማሊም፣ ሆዳን ከሰዎች ጋር ሀርቲሼክ፣ ስደተኞቹ ሰፈር፣ ገብታለች አሉኝ። ላመጣት ነው። ብቻዬን ከሄድኩ ኬላ ላይ ያቆሙኛል፤ ያንተ የመንግሥት መታወቂያ አለ፤ አብረኸኝ ና።" በዚያች ከተማ ስንት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እሳቸው የመጡት እኔ ዘንድ ነው።

በጭነት መኪና ሄድን። ስንጠይቅ ቆይተን አገኘናት፤ ከአንድ ጎጆ ጎን ውኃ ወረፋ ላይ ነበረች፤ ሁለት ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል። ባሏ ከሀርጌሳ ሲወጡ ተለያይቷቸዋል፤ አልተገኘም። አባቷን ስታይ ጄሪካኗን ጣለች። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ተላቅሰው ሲያበቁ ቀና ብላ አየችኝና በዚያ ሁሉ መሐል ሳቀች። "ማሊም ኮምፒዩተር" አለች። ጉንጯ ገብቷል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ስለ ግርማ ጠየቀችኝ። ሊጨርስ ነው አልኳት። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ከልቧ ነው፣ ሰው ከልቡ ሲደሰት ይታወቃል። "ማዘዙን ተማረው?" አለች። እሱንማ ተማረው አልኩ።

ከዚያ ሻሿን አስተካከለች። ጫፉን ግን አልነከሰችም። "ማሊም፣ አንድ ነገር ልነግርዎ እፈልግ ነበር" አለችኝ። "ቦንብ ሲወርድ ልጆቹን ይዤ አልጋ ስር ስገባ፣ ይህን ለማሊም ሳልነግር ልሞት ነው እል ነበር። እርስዎ አምነውብኝ፣ ትችላለች ብለው ከባዱን ነው የመረጡልኝ። እኔ ሳልዘጋጅ ሄጄ አሳፈርኩዎት። አባቴንም አሳፈርኩ። ያን ቀን በርዎ ላይ ይቅርታ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

ሀጂ አጠገቧ ቆመው ያዳምጣሉ። ትንሹ ልጅ ጣሳ ይዞ ይመታል። እናንተ፣ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ ቦታ፣ ከዚያ የተሻለ ሰዓት፣ ከዚያ የቀለለ ነገር ምን ነበር? "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም" ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ግርማ እንደሆነ አገር ወጥቷል፣ ቦታውን የሚቀማው የለም። የምፈራው ምንም አልቀረም ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ። ሀጂም "አሁን ልቧ ያርፋል" አሉ። ልጆቹን ጭነን ስንመለስ መንገዱ ኮረኮንች ነበርና፣ ሀጂ እንዳይወድቁ ቀኝ እጄን ጨብጠው ያዙ። ጅግጅጋ እስክንገባ አልለቀቁትም። የዋሸ እጅ ሁለተኛ አይጨበጥም ብለውኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ስንቴ ጨበጡት።

መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቻችን ከዚያች ከተማ ወጣን፤ እኔም ወጣሁ። ሀጂ ዲሪዬ ማረፋቸውን ከሰው ሰማሁ። ሆዳን ልጆቿን ይዛ ተመልሳለች የሚል አለ፤ ባሕር ተሻግራለች የሚልም አለ። አላገኘኋትም። በደንብ ፈልጌያታለሁ ብዬም አልዋሻችሁም። ግርማ በተማረበት አገር ቀረ፤ ሲደውል "ጋሼ፣ ለዚህ ያበቃኸኝ አንተ ነህ" ይለኛል። ልነግረው ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ነግሬው ምን ያድርግበት? ሸክሜን ከፍዬ ለእሱ ልስጠው? ስለ ጤናው ጠይቄው ስልኩን እዘጋለሁ።

ያኔ ለወንድሜ ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን አልልም። የፈራ ሁሉ አይዋሽም፤ የዋሸም ሁሉ ይቅር አይልም። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? የሚጠየቀው ከእሷ ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ እኔን ጠየቀች፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ቆሜ ይቅር አልኳት።